የከተማው ደንብ ከበላይ ሕግ ጋር ሲጋጭ

«ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ አጽድቆት የለ እንዴ? ታዲያ ፍርድ ቤት እንዴት ይሽረዋል?» ይቺ ጥያቄ አትሰለችም፤ ደጋግማ ትመጣለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከተማ ደንብ የሚያወጣው ከበላዩ ያለ ሕግ በሰጠው ሥልጣን ነው። ስለዚህ ሁለቱ ከተጋጩ የበላዩ ይጸናል። ድምፁ መቶ በመቶ ቢሆን እንኳ ለውጥ የለውም።

ግን መለያየት ሁሉ ግጭት አይደለም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የበላይ ሕጉ «ሱቅ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ አይከፈት» አለ እንበል። ከተማው «እስከ 8 ሰዓት ይቻላል» ካለ ግጭቱ ግልጽ ነው፤ ደንቡ ይወድቃል። «በ4 ሰዓት ይዘጋ» ካለስ? ባለሱቁ በ4 ሰዓት ቢዘጋ ሁለቱንም አክብሯል። እንዲህ ያለው ጠበቅ ያለ ደንብ ብዙ ጊዜ ያልፋል። የበላይ ሕጉ «በዚህ ጉዳይ ከእኔ ሌላ ማንም ደንብ አያውጣ» ካለ ግን አያልፍም። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ተጽፋ ካልተገኘች ደግሞ ይብሳል።

ከአገር አገር የሚለያየው የሥልጣኑ ስፋት ነው። በአሜሪካ የአዮዋው ዳኛ ጆን ዲለን በ1868 ባስቀመጡት መርህ፣ ከተማ ያልተሰጠው ሥልጣን የለውም፤ ጥርጣሬ ካለም ከተማው ሥልጣኑ እንደሌለው ተደርጎ ይተረጎማል። ይህን የሚከተሉ ግዛቶች ዛሬም አሉ፤ ሌሎቹ ለከተሞቻቸው ሰፋ ያለ ነፃነት ሰጥተዋል። የእንግሊዙ የ2011 ሕግ ግን ነገሩን ገልብጦታል፦ የአካባቢ ምክር ቤት፣ ሕግ ካልከለከለው በቀር፣ አንድ ግለሰብ ማድረግ የሚችለውን ማድረግ ይችላል።