ሰው በለወጠው ምድር የዱር እንስሳት ጭንቀት እንዴት ይለካል

መንገድ፣ እርሻ፣ የእንጨት ቆረጣ፣ የመርከብ መስመር ወይም የጎብኚ ብዛት መኖሪያቸውን የለወጠባቸው የዱር እንስሳት ምን ያህል ጫና እንዳለባቸው ከሰውነታቸው በሚገኝ ምልክት የሚያጠና የምርምር ዘርፍ አለ። እዚህ ላይ ጭንቀት ሲባል የውስጥ ስሜት ሳይሆን ሰውነት አደጋ ሲገጥመው የሚያደርገው ለውጥ ነው። አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ፒቱታሪ ዕጢን ይቀሰቅሳል፤ ፒቱታሪም ኩላሊት ጫፍ ላይ ለተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች በደም በኩል መልእክት ይልካል። እነሱ የሚያመነጩት ሆርሞን በአብዛኞቹ ትልልቅ አጥቢዎችና በዓሣ ኮርቲሶል ሲሆን፣ በአእዋፍ፣ በተሳቢዎችና በአይጥ ወገን ደግሞ በዋናነት ኮርቲኮስቴሮን ነው። ሆርሞኑ ለአጭር ጊዜ ሲነሳ ነፍስ ያድናል፤ ሳይወርድ ከቆየ ግን መራባትን፣ እድገትንና በሽታ መከላከልን ሊጎዳ ይችላል።

ሐሳቡ የተወለደው በላብራቶሪ ነው፤ ተመራማሪው ሃንስ ሴልዬ እ.ኤ.አ. በ1936 በአይጦች ላይ ያየውን ጽፎ ካወጣ በኋላ ወደ ዱር እስኪወጣ ድረስ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

በዱር የመጀመሪያው መንገድ ደም መውሰድ ነበር። ችግሩ መያዙ ራሱ ማስጨነቁ ነው። በመረብ የተያዘች ወፍ ክንፏ ተዘርግቶ ከሥሩ ያለው ደም ሥር በቀጭን መርፌ ሲወጋ፣ ሌላው ሰው ሰዓት ይዞ ይቆጥራል፤ ደሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ ካልተወሰደ የሚለካው የወፏ የወትሮ ሁኔታ ሳይሆን የተመራማሪው እጅ ያመጣው ድንጋጤ ይሆናል። ከዚያ ወፏ በጨርቅ ከረጢት ለ30 ደቂቃ ያህል ቆይታ ሁለተኛ ደም ይወሰዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰውነቷ ለአደጋ እንዴት እንደሚነሳ ያሳያል።

ዘርፉን የለወጠው ግን ኩስ፣ ማለትም የእንስሳት ዓይነ ምድር፣ ነው። ጉበት ሆርሞኑን ሰባብሮ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይለቀዋል፤ ስለዚህ እንስሳው ሳይነካ፣ ብዙ ጊዜም ሳይታይ፣ ጥሎት ከሄደው ነገር ያለፉትን ሰዓታት ማንበብ ይቻላል። በአእዋፍ የጥቂት ሰዓታት ታሪክ ነው፤ እንደ ዝሆን ባሉ ትልልቅ እንስሳት ከአንድ ቀን በላይ ወደኋላ ሊሄድ ይችላል። ሥራው ከሩቅ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ፀሐይ፣ ዝናብና ባክቴሪያ ስብርባሪውን ስለሚለውጡት ኩሱ ትኩስ መሆን አለበት፤ ከተለያየ ቦታው ተወስዶ በደንብ ይደባለቃል፣ ሰዓቱ ይጻፍበታል፣ ወዲያው ይቀዘቅዛል ወይም አልኮል ውስጥ ይገባል። ስብርባሪው ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይም ለአጋዘን የሚሠራ መለኪያ ለጉጉት ላይሠራ ይችላል። መለኪያውን ለመፈተን አድሬናልን የሚቀሰቅሰው ኤሲቲኤች የተባለ ሆርሞን ለዚያው ዝርያ በመርፌ ይሰጥና በኩሱ ውስጥ ያለው የስብርባሪ ቁጥር ከፍ ማለቱ ይታያል። ይህ ያልተደረገለት ቁጥር፣ ማሽኑ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ ብዙ እምነት ሊጣልበት አይገባም። የጥናቱ ዋጋ የሚወሰነው በአብዛኛው ኩሱን ባነሳው ሰው ጥንቃቄ ነው።

በዚህ ዘዴ ቀደም ብለው ከወጡት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው የሰሜናዊው ነጠብጣብ ጉጉት ጥናት ነው፤ በዋሽንግተን ግዛት ዋና የእንጨት ማመላለሻ መንገድ አጠገብ የሚኖሩ ወንድ ጉጉቶች ከሌሎቹ ከፍ ያለ የኮርቲኮስቴሮን ስብርባሪ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በአሜሪካው የየሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ የበረዶ ሞተር (በረዶ ላይ የሚነዳ ተሽከርካሪ) ሲበዛ በኤልክ አጋዘኖች ኩስ ውስጥ ያለው የሆርሞን ስብርባሪ አብሮ እንደሚጨምር ታየ፤ ተኩላዎችም ሞተር በሚበዛባቸው ቦታዎች ተመሳሳይ ለውጥ አሳዩ። ተመራማሪዎቹ ግን የመንጋዎቹ ብዛት በዚህ ምክንያት መቀነሱን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም።

ከሁሉ የሚገርመው የባሕሩ ነው። በካናዳ ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዓሣ ነባሪዎች ኩስ ሲንሳፈፍ እየተለቀመ ሳለ የመስከረም 2001ዱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጥቃት ደረሰ፤ የመርከብ ጉዞ ቀነሰ፣ የባሕር ውስጥ ድምፅም 6 ዴሲቤል ወረደ። በእነዚያ ቀናት የተለቀመው ኩስ የያዘው ሆርሞን ዝቅ ያለ ነበር፤ በቀጣዮቹ ዓመታት በዚያው ወቅት እንዲህ ያለ መውረድ አልታየም። አጋጣሚው አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጠረ ቢሆንም፣ የመርከብ ጩኸት እነዚህን እንስሳት ሊያስጨንቅ እንደሚችል ጠቁሟል።

ረዘም ያለ ጊዜ ለማንበብ ጸጉርና ላባ ያገለግላሉ፤ ሲያድጉ በደም ውስጥ ያለውን ሆርሞን ይዘው ስለሚቀሩ የሳምንታትን ወይም የወራትን መዝገብ ይይዛሉ። በአንዳንድ ዓሣ ነባሪዎች የጆሮ ኩክ ዕድሜ ልክ በንብርብር ይጠራቀማል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከእነዚህ ንብርብሮች ያነበበው ኮርቲሶል በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው የዓሣ ነባሪ አደን ጋር አብሮ ሲወጣና ሲወርድ አሳይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት፣ አደኑ በቀነሰበት ጊዜ እንኳ፣ ኮርቲሶሉ ከፍ ብሎ ነበር።

የልብ ምት ሌላው መንገድ ነው። በሚኒሶታ ጥቁር ድቦች ላይ በተደረገ ጥናት ድሮን ከላያቸው ሲያልፍ አብዛኞቹ ድቦች ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ የአንዷ ልብ ግን በደቂቃ 123 ምት ጨምሯል። ዝም ያለ እንስሳ ሁሉ ተረጋግቷል ማለት አለመሆኑን ይህን ያህል የሚያሳይ የለም።

የቁጥሩ ትርጉም ግን አከራካሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሰፊ ግምገማ ለረጅም ጊዜ በተጨነቁ የዱር እንስሳት ሁሉ የሚታይ አንድ ወጥ የሆርሞን መልክ እንደሌለ ደምድሟል፤ በአንዳንዶቹ ይጨምራል፣ በሌሎቹ ይቀንሳል፣ በቀሪዎቹ አይለወጥም። ሰው የሌለበት ምክንያትም ቁጥሩን ያነሳል፦ በሰሜን ተራሮች ጭላዳዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሆርሞኑን ከቅዝቃዜ ጋር አያይዞታል። ስለዚህ ወቅት፣ ጾታ፣ እርግዝናና ምግብ ሳይመዘገቡ ጥፋቱን በመንገዱ ላይ ብቻ ማላከክ አይቻልም።

ቁጥሩን ከእንስሳው ዕድል ጋር ያገናኙት የጋላፓጎስ የባሕር ኢጓናዎች ናቸው። ጎብኚ የሚበዛባቸው ኢጓናዎች የወትሮ ሆርሞናቸው ከሌሎቹ ባይለይም ሲያዙ የሚያሳዩት ጭማሪ አነስተኛ ነበር፤ ይህ መልመድ ይሁን ጉዳት ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። የኤል ኒኞን ረሃብ በተመለከተ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከሞት የተረፉት ሆርሞናቸውን አንዴ ከተነሳ በኋላ ቶሎ መልሰው ማውረድ የሚችሉት ነበሩ።