ሸክላና ስታቲክ

ጥር ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ የዘፈን ሸክላ ከወረቀት ከረጢቱ ሳብ አድርጋችሁ አውጡ። ጆሯችሁን ጠጋ ካደረጋችሁ ጠር ጠር የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ሸክላውን ወደ ክንዳችሁ ስታስጠጉት ፀጉራችሁ ቀና ይላል። በጨርቅ ብትወለውሉት አቧራው ቦታ ይቀይራል እንጂ አይሄድም። እንዲያውም ከአየር ላይ ሌላ አቧራ ይጠራል። ይህ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቁሱ ነው። ዛሬ ሸክላ የምንለው አብዛኛው ዲስክ የተሠራው ከቪኒል፣ ማለትም የውኃ ቧንቧ ከሚሠራበት የፒቪሲ ፕላስቲክ ዘር ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተነካክተው ሲለያዩ አንዱ ከሌላው ኤሌክትሮን ይወስዳል። ማን ከማን እንደሚወስድ በቅደም ተከተል ያስቀመጠ የመጀመሪያው ሰው የስዊድኑ ፊዚክስ አዋቂ ዮሐን ካርል ቪልከ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1757። በዚህ ሰልፍ ፒቪሲ ከወሳጆቹ ወገን ነው። የሰው ቆዳ፣ ሱፍና ናይለን ከሰጪዎቹ ወገን ናቸው። ወረቀት መሃል አካባቢ ነው። ስለዚህ የሱፍ ሹራብ ለብሶ፣ የናይለን ምንጣፍ ላይ ቆሞ፣ ሸክላ ከወረቀት መምዘዝ ለስታቲክ ድግስ እንደ መደገስ ነው።

ቪኒል ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የወሰደውን ቻርጅ፣ ማለትም የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ፣ እዚያው የነካካበት ቦታ ላይ ይዞ ይቀመጣል። ሰው የስታቲክ ንዝረት የሚሰማው ወደ 3,000 ቮልት ሲጠጋ ነው፤ ደረቅ ቀን ላይ ከከረጢት የወጣ ሸክላ እዚያ ለመድረስ አይቸገርም። አይገድልም፤ ቮልቱ ብዙ ቢሆንም የቻርጁ መጠን እፍኝ አይሞላም። ዘፈኑን ግን ይረብሻል።

እንዴት? በሦስት መንገድ። ዋናው አቧራ ነው። ቻርጅ የያዘ ሸክላ አቧራ ይስባል፤ መርፌው አቧራው ላይ ሲሄድ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ መርፌው በሚሄድበት ቦይ ውስጥ የተፈጨ አቧራም በብሩሽ አይወጣም። ሁለተኛው፣ ቻርጁ በካርትሪጁ፣ ማለትም መርፌውን በያዘው ክፍል፣ በኩል ዘሎ ሲያመልጥ ከስፒከሩ ቷ! ይላል። ይሄኛው ከጭረት የሚለየው በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ስለማይደጋገም ነው። ሦስተኛው ረቂቅ ነው፤ ሸክላው ካርትሪጁን ወደ ራሱ ስለሚስብ መርፌው ከተስተካከለለት ክብደት በላይ ይጫናል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በመርፌው ላይ ያላክካል። እኔ ተጠያቂው በአመዛኙ ከረጢቱና የእኛው እጅ ነው ባይ ነኝ። ሰው ግን መርፌውን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ሸክላው የብረት ሳህኑ ላይ ሲዞር ፀጥ ብሎ፣ ዘፈኑ አልቆ ስታነሱት ነው የሚንጣጣው። ሲጫወት ነው የተሞላው ያሰኛል። ቻርጁ ግን ያው ነው። ብረት አጠገብ እስካለ ቮልቱ ዝቅ ይላል፤ ከብረቱ ሲርቅ በዚያው ቻርጅ ቮልቱ ሽቅብ ይወጣል። ሳህኑ ላይ የፌልት ምንጣፍ ካለ ደግሞ ሸክላው ጋር ተጣብቆ አብሮ ይነሳል፣ ከዚያ መሃል መንገድ ላይ ቱፍ ብሎ ይወድቃል፤ አንዳንዴ መርፌው ላይ። የቡሽ ወይም የቆዳ ምንጣፍ ይህን ፀባይ ብዙም አያሳይም።

መፍትሔ ፍለጋው ከቪኒል ጋር እኩል ያረጀ ነው። የአሜሪካው ሸክላ አሳታሚ ኮሎምቢያ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረውን ረጅም ሸክላ (ኤልፒ) እ.ኤ.አ. በ1948፣ አር ሲ ኤ ቪክተር ባለ 45 ዙሩን በ1949 ሲያወጡ ቤቱ ሁሉ አቧራ ሳቢ ፕላስቲክ ገባበት። በ1950ዎቹ እንግሊዛዊው ሴሲል ዋትስ ከሸክላው ጋር እየሄደች ቦዩን የምትጠርግ ትንሽ ክንድ ሠራ። ስሟ «ደስት በግ» ነው፤ ከበግ ጋር ግን ዝምድና የላትም። አር ሲ ኤ ደግሞ በ1960ዎቹ ቪኒሉ ውስጥ ስታቲክ የሚቀንስ ቅመም እንደጨመረ በሽፋኑ ላይ ያትም ነበር፤ «ሚራክል ሰርፌስ» ይለዋል። የካርትሪጅ ሠሪው ሹር በ1978 ባወጣው ቪ15 ዓይነት አራት ካርትሪጅ ፊት ላይ በሺዎች ከሚቆጠሩ የካርቦን ክሮች የተሠራ ብሩሽ ገጠመ። ብሩሹ አቧራ ይጠርጋል፣ ቻርጁንም ያወርዳል።

የካርቦን ብሩሽ ዛሬም አለ፤ በእጅ የሚያዘው። ሰው ሁሉ ይገዛዋል፣ ብዙው ሰው አጠቃቀሙ ላይ ይሳሳታል። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ቻርጁ ከክሮቹ ወደ እጀታው፣ ከእጀታው ወደ እጃችሁ፣ ከእጃችሁ ወደ መሬት መሄድ አለበት። እጀታው ፕላስቲክ ከሆነና ጣታችሁ የብሩሹን ብረት ካልነካ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወስድ መስመር) የተያያዘ ብረት ንኩ፤ የአምፕሊፋየሩ የኧርዝ ብሎን ይበቃል። መቼም ቤቱ ራሱ ኧርዝ ከሌለው ብሎኑ ለጌጥ ነው። ሸክላው እየዞረ ክሮቹን ጫፋቸው እስኪነካ ብቻ አስቀምጡ፤ አትጫኑ። ሁለት ሦስት ዙር ጠብቁና ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ ጠርዝ አውጡት። ፈጥኖ ማሸት ስታቲክ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሌላው ታዋቂ መሣሪያ ዜሮስታት የሚባለው፣ የሸክላውን ቻርጅ የሚያመክን ሽጉጥ መሰል የእንግሊዝ ዕቃ ነው። ባትሪ የለውም። ቃታው ውስጡ ያለውን ክሪስታል ሲጨምቅ ፖዘቲቭ አየኖች (ቻርጅ የያዙ የአየር ቅንጣቶች)፣ ሲለቀው ኔጌቲቭ አየኖች ይወጣሉ። ቃታው በጣም በዝግታ ነው የሚሳበው። ቀጭ ካለ ፈጥናችኋል፤ ድገሙት። ይሠራል፤ ነገር ግን ሸክላውን መልሳችሁ እዚያው ደረቅ ወረቀት ውስጥ ከከተታችሁት በሚቀጥለው ቀን ያው ናችሁ።

ለዚህ ነው እኔ ገንዘቤን መጀመሪያ ከረጢት ላይ የማውለው። ተራ ወረቀት ይፋተጋል፣ ብናኝም ያራግፋል። የተሻለው ስስ የፖሊኤትሊን ፕላስቲክ ነው፤ ብቻውን ወይም በወረቀት ላይ ተለብጦ። የጃፓኑ ናጋኦካና የአሜሪካው ሞባይል ፊደሊቲ ለዚሁ የተሠሩ አሏቸው። ከፒቪሲ ከተሠራ ለስላሳ ሽፋን ግን ራቁ፤ ከጊዜ ብዛት ማለስለሻው ኬሚካል ወጥቶ ሸክላው ላይ የማይለቅ ጭጋግ ያሳርፋል። ሲወጣም ሲገባም ከረጢቱን ገፋ አድርጎ አፉን መክፈትና ሸክላውን ሳያሹ ማንሸራተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ ከተጀመረ በኋላ የወጡ የአማርኛ ዘፈኖች ብዙዎቹ ባለ 45 ዙር ናቸው። እነዚህ ትንንሽ ሸክላዎች አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ ከረጢት የላቸውም፤ ያለቻቸው የወረቀት ሽፋኗ ብቻ ናት። እሷም ዛሬ ራሷን የቻለች ቅርስ ስለሆነች አትጣልም። ሸክላውን በፖሊኤትሊን አድርጎ፣ ሽፋኗን ከኋላው ለብቻዋ ማስቀመጥ ይሻላል።

የቀረው አየሩ ነው። የክፍሉ እርጥበት 50 በመቶ አካባቢ ሲሆን ሸክላው ላይ የሚያርፈው ስስ የውኃ ሽፋን ቻርጁን ቀስ በቀስ ያወርደዋል። ከ40 በታች ሲወርድ ችግሩ ይበረታል። አዲስ አበባ ውስጥ የበጋ ከሰዓት ለዚህ አመቺ ነው፤ አየሩ ደረቅ፣ አቧራውም ብዙ። ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ ያለ ወዳጃችን ደግሞ በእነሱ ክረምት፣ ማሞቂያው ቤቱን ሲያደርቀው፣ ከዚህ የባሰ ያያል። የበር እጀታ ሲነካ የሚነዝረው ሰው ሸክላውም ይነዝራል። እርጥበት መለኪያ ርካሽ ዕቃ ነው። እርጥብ ፎጣ ክፍሉ ውስጥ ማስጣትም ያግዛል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ፎጣውን ተዉት፤ ያኔ ጠላት ስታቲክ ሳይሆን ሻጋታ ነው፣ ካርቶኑን ይበላዋል።

ማጠብም ስታቲክን ያጠፋል፤ የተጣራ ውኃ፣ ጠብታ ሳሙና፣ አንዳንዱም ትንሽ አልኮል ይጨምራል። እዚህ ላይ አማርኛችን ያሳስተናል። ከቪኒል በፊት የነበሩት ባለ 78 ዙሮቹም ሸክላ ነው የምንላቸው። እነሱ የተሠሩት ሼላክ ከሚባል የነፍሳት ሙጫ ነው፤ ሼላክ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። ስለ ቪኒል የተጻፈ ምክር አንብቦ የአያቱን ሸክላ በአልኮል የሚያጥብ ሰው ዘፈኑን አብሮ ያጥበዋል። መለየቱ ከባድ አይደለም። የጥንቱ ወፍራምና ከባድ ነው፣ አይተጣጠፍም፣ ሲወድቅም እንደ ስሙ ይሰበራል። በጥፍር መታ ስታደርጉት ቪኒሉ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የጥንቱ ግን እንደ ሸክላ ድስት ክልል ይላል። ክልል ካለ የአልኮል ጠርሙሱን ዝጉት።