ግዝት በማን ላይ?

ሐምሌ 5 የጴጥሮስ ወጳውሎስን በዓል አከበርን። ሐምሌ 22 ደግሞ የአቡነ ጴጥሮስ ሰማዕትነት መታሰቢያ ነበር። እኛ ደሴዎች እኚህን አባት የአዲስ አበባ ሐውልት አድርገን ብቻ እናስባቸዋለን። መንበራቸው ግን እዚሁ ወሎ ነበር፣ የእኛ ጳጳስ ነበሩ።

ሐዋርያው በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ ለእረኞች ሲጽፍ «ማኅበሮቻችሁንም በኃይል አትግዙ፥ ነገር ግን ለመንጋው ምሳሌ ሁኑ» ይላል። ይህን ቃል በጣም እወደዋለሁ። እስቲ ማን እንደሚናገረው አስቡ! የመንግሥተ ሰማያት መክፈቻ የተሰጠው፣ «በጎቼን አሰማራ» የተባለው ጴጥሮስ እኮ ነው። እሱ እንኳ ከእነሱ ጋር አብሬ ሽማግሌ ነኝ አለ እንጂ አለቃችሁ ነኝ አላለም። ሥልጣኑን ግን አልካደም። ካህን ያስራል፣ ይፈታል። እናምናለን፣ የምንናዘዘውም ለዚህ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ የሚታሰረው ማን እንደሆነ ነው።

አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። ጣልያን ሲገባ እንደ አንዳንዱ ሰው ለጠላት አድረው መኖር ይችሉ ነበር። አርበኞቹን ሽፍታ ናቸው ብለው ቢያወግዙ ነፍሳቸው ትተርፍ ነበር፤ ጠላት የፈለገው የእሳቸውን ግዝት ነበርና። እሳቸው ግን ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሕዝብ ፊት በጥይት ተደበደቡ። ግዝታቸው የተነሣው ጠመንጃ በያዘው ወራሪ ላይ ነው። ዋጋውን የከፈሉትም ራሳቸው ናቸው።

ዛሬስ? ቆሎ ሸጠው የሚያድሩ አንዲት እናት አውቃለሁ። ለሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ ሰው ሁሉ እጁን ሲያወጣ እሳቸውም አወጡ፣ ቃል ገቡ። ከዚያ ታመሙ፤ ያቺው ገንዘብ ለመድኃኒት ሄደች። አንድ እሑድ በማይክ «ቃል ገብቶ ያልሰጠ የተገዘተ ይሁን» ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጥሩን አልፈው አይገቡም። ባለፈው እሑድ በዚያ ዝናብ የውጭውን በር ተሳልመው አጥሩ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ነጠላቸው ርሶ ትከሻቸው ላይ ተለጥፏል፣ ቆሎ የሚሰፍሩባትን ስኒ በፌስታል ጠቅልለው ጉያቸው ይዘዋል። «እማማ፣ ይግቡ እንጂ» ብላቸው «ልጄ፣ እኔ የተገዘትኩ ነኝ» አሉኝ። ቅዳሴው እስኪያልቅ እዚያው ቆሙ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ የድሃ መሬት ነጥቆ የሚታወቅ ሰው ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጨበጨብለት አይተናል። እሱን የገዘተ የለም። ወገኖቼ፣ ይህ ያስለቅሳል! ሕዝቅኤል ምዕራፍ 34 ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው እንዲህ ባሉ እረኞች ነው፤ የደከመውን አላጸናችሁም፣ የታመመውን አልፈወሳችሁም፣ በኃይልና በጭቆና ገዛችኋቸው ብሎ።

ይህን የምጽፈው ካህናትን በቲክቶክ ለሚሰድቡት ነዳጅ ልጨምር ብዬ አይደለም። ሌሊት ማሕሌት ቆመው፣ ቀን ቀብር ሸኝተው፣ ያለ በቂ ደመወዝ ልጅ የሚያሳድጉ አባቶች በየደብሩ አሉ፤ እነሱን የሚዘልፍ ሰው እግዚአብሔርን ይፍራ።

ደግሞ ከራሳችን አገር እንማር። በወሎ ደም የተቃባ የሚያስታርቁ አባጋሮች አሉ። ወታደር የላቸውም፣ እስር ቤት የላቸውም። ግን ልጁ የተገደለበት አባት እነሱን ሰምቶ ቂሙን ይተዋል። ሰው እንዲህ የሚሰማቸው የታረቀ ቤት እንጂ የተዘጋ በር ትተውለት ስለማይሄዱ ነው።

እማማ፣ ምናልባት ልጆችዎ ያነቡልዎት ይሆናል። ምሳሌ 26 ቁጥር 2 «ከንቱ እርግማን በማንም ላይ አይደርስም» ይላል። ጌታ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት አመሰገነ፤ እርስዎን ስለ መድኃኒት ገንዘብ ከደጁ አያባርርም። ግን በልብዎ ይዘው አይቃጠሉ። ፍልሰታ ሊገባ ነው። ዛሬውኑ ንስሐ አባትዎ ጋ ሄደው ሁሉንም ይንገሯቸው፣ ይፈቱዎታል፤ ከዚያ ጾሙን ጾመው ይቁረቡ።

ያንን ቃል የተናገሩት አባታችንም ይህን ካዩት፣ እግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ፤ ማይኩ እዚያው ነው፣ ሕዝቡም ያው ነው፣ የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግዝቱን ይፍቱት።