ስለ አን ዳይመንድና ስለ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጤነኛ የነበረ ሕፃን በእንቅልፉ ሕይወቱ ሲያልፍና ከሙሉ ምርመራ በኋላም ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር፣ ሐኪሞች ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ይሉታል። እንግሊዛዊቷ የቴሌቪዥን አቅራቢ አን ዳይመንድ የአራት ወር ልጇን ሰባስቲያንን በሐምሌ 1991 እ.ኤ.አ. ያጣችው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ ያካሄደችው ዘመቻ በብሪታንያ ብዙ ሕፃናትን ከሞት አትርፏል፤ ይሁን እንጂ ስለ እሷም ሆነ ስለዚህ ዓይነቱ ሞት ዛሬም የሚነገሩ ስሕተቶች አሉ።

«በጀርባ ማስተኛት እንደሚጠቅም የደረሰችበት እሷ ናት።»

ግኝቱ የተመራማሪዎች ነው። በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ ሐኪሙ ፒተር ፍሌሚንግና ባልደረቦቹ በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ በኒውዚላንድም ከ1987 ጀምሮ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ በሆድ የሚተኙ ሕፃናት ለዚህ ሞት ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው ታይቶ ነበር። አን ዳይመንድ ኒውዚላንድ ድረስ ሄዳ፣ እዚያ ወላጆች የሚያውቁት ምክር በአገሯ እናቶች ዘንድ አለመድረሱን ተረዳች። ስትመለስ የጤና ባለሥልጣናቱን ወተወተች፤ መልእክቱ በቴሌቪዥን እንዲነገርም ታገለች። በታኅሣሥ 1991 ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ብሔራዊ ዘመቻ ተጀመረ፤ በማስታወቂያውም ላይ ራሷ ቀርባ ተናገረች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእንግሊዝና በዌልስ የሟቾቹ ቁጥር ከግማሽ በታች ወረደ። ጥናቱ በመጽሔት ገጽ ላይ ብቻ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ለውጥ በዚህ ፍጥነት ይመጣ ነበር ብዬ አላምንም።

«በጀርባው የተኛ ሕፃን ቢያቀረሽ ትን ብሎት ይሞታል።»

ስጋቱ ከእናት ፍቅር የሚመነጭ ስለሆነ ማጣጣል አይገባም፤ ነገር ግን የሰውነት አሠራር የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከሥር ስለሚሆን፣ ከሆዱ የተመለሰው ወተት ወደ ሳንባው ለመግባት ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። በሆዱ ሲተኛ ግን የሁለቱ ቦታ ይገለበጥና ወተቱ ቁልቁል ወደ አየር ቧንቧው አፍ ይወርዳል። በጀርባ ማስተኛት በተለመደባቸው አገሮችም በትንታ የሚሞቱ ሕፃናት አልበዙም።

«ሕፃኑ የሞተው እናቱ ስለተዘናጋች ነው።»

ከዚህ የከፋ በደል የለም። ለአሥርተ ዓመታት ሕፃናትን በሆድ አስተኙ እያሉ ይመክሩ የነበሩት የጤና ባለሙያዎች ራሳቸው ነበሩ፤ እናቶች የተነገራቸውን ፈጸሙ። በ2005 የታተመ ግምገማ እንዳመለከተው፣ ማስረጃው በወጉ ተሰብስቦ ቢመረመር ኖሮ አደጋው በ1970 ሊታወቅ ይችል ነበር፤ ይህም በብሪታንያ ብቻ ከ10,000 በላይ ሕፃናትን ሊያተርፍ በቻለ ነበር። ይህን ቁጥር ያወቀ ሰው ልጇን በቀበረች እናት ላይ ጣቱን ሊቀስር አይገባውም።

«ዝነኛ ስለነበረች ሐዘኑ ቀለላት።»

ዝናዋ ሐዘኑን አላቀለለላትም፤ ቤተሰቡ ጋዜጠኞች ከቀብሩ እንዲርቁ ቢማጸንም፣ አንድ ጋዜጣ የቀብሩን ፎቶግራፍ አወጣ። ይህን በ2011 የፕሬስን አሠራር ለመረመረው ጉባኤ ቀርባ መስክራለች።

«መንስኤው ክትባት ነው።»

ክትባት የሚሰጥበት ዕድሜና ይህ ሞት የሚበዛበት ከሁለት እስከ አራት ወር ያለው ጊዜ ስለሚገጣጠሙ የመጣ ግምት ነው። በተደጋጋሚ የተካሄዱ ጥናቶች ክትባት አደጋውን እንደሚጨምር አላሳዩም።

«ዘመቻው ስለተሳካ ምርምሩ አብቅቷል።»

በጀርባ ማስተኛት አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። የትንባሆ ጭስ፣ ከመጠን ያለፈ ሙቀትና ለስላሳ ትራስ ዛሬም ሕፃናትን ለአደጋ ያጋልጣሉ፤ በሶፋ ላይ ከሕፃን ጋር እንቅልፍ መጣልም በጣም አደገኛ ነው። ተመራማሪዎች ደግሞ አተነፋፈስንና ከእንቅልፍ መንቃትን በሚቆጣጠረው የአንጎል ግንድ ላይ፣ በተለይም ሴሮቶኒን በተባለው ንጥረ ነገር አሠራር ላይ፣ በአንዳንድ ሟች ሕፃናት ዘንድ ጉድለት አግኝተዋል። የትኛው ሕፃን ይህ ጉድለት እንዳለበት በሕይወት ሳለ ለይቶ የሚያሳይ አስተማማኝ ምርመራ ግን እስካሁን የለም፤ ወላጆች ለምርምሩ ገንዘብ ማሰባሰባቸውን ያላቆሙትም ለዚህ ነው።