ሮበርት ዋያት፦ ከዊልቸሩ ወሬ ጀርባ ያለው ሙዚቀኛ

ስለ ሮበርት ዋያት ሲወራ ወሬው የሚጀምረው ከአንድ ምሽት ነው። በፈረንጆቹ ጁን 1 ቀን 1973 ለንደን ውስጥ ግብዣ ላይ ጠጥቶ ሳለ ከፎቅ መስኮት ወደቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቆሞ አልሄደም። ገና 28 ዓመቱ ነበር፤ በእንግሊዝ ሮክ ውስጥም ስሙ የሚጠራ ድራመር ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የሚያናድደኝ ግን የሰውየውን የዕድሜ ልክ ሥራ በሙሉ በዚያ ምሽት ለማስረዳት የሚደረገው ሙከራ ነው። ሮክን ከጃዝ እያዋሃደ፣ በዚያ ቀጭንና ሆድ በሚያባባ ድምጹ ሲዘፍን የኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ ይገባዋል።

በብዛት የሚሰማው ስህተት «ሮክ ቦተም» የተባለው አልበሙ ስለ አደጋው የተሠራ ነው የሚለው ነው። አልበሙ የወጣው በ1974 ስለሆነ ሰው እንዲያ ቢያስብ አይገርምም። ነገር ግን አብዛኛው ዜማ የተጠነሰሰው ከአደጋው በፊት፣ ቬኒስ ውስጥ ነው። ፍቅረኛው አልፍሪዳ ቤንጅ እዚያ ለሚቀረጽ ፊልም ትሠራ ነበር። እሱ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ብላ አንዲት ርካሽ ትንሽ ኪቦርድ ገዛችለት። አልበሙ ላይ የሚንቀጠቀጠውን የኦርጋን ድምጽ ልብ ብላችሁ ስሙት። ዋያት ራሱ ያንን ድምጽ ያያያዘው ቬኒስን ከከበባት ውሃ ጋር ነው። ብዙዎቻችን እንደ ሕመም የምንሰማው ነገር መነሻው የውሃ ላይ ብርሃን ነበር ማለት ነው።

አደጋው ታዲያ ምንም አልለወጠም? ለውጧል፤ ግን በሌላ መንገድ። ዜማዎቹን የጀመራቸው ለአዲስ ባንድ ብሎ ነበር። ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ወራት ሲተኛ ጠያቂዎች የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ አሮጌ ፒያኖ አገኘና ሥራውን ቀጠለ። አሁን ግን ከበሮ እየመታ ባንድ የሚመራበት ዕድል አልነበረም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዘፈን የሚስማማውን ሰው እየመረጠ መጥራት ቻለ። ትራምፔቱን ደቡብ አፍሪካዊው ሞንጌዚ ፌዛ ነፋው፣ ጊታሩን ማይክ ኦልድፊልድ ተጫወተ፣ የፒንክ ፍሎይዱ ድራመር ኒክ ሜሰን ፕሮዲውስ አደረገው። አልበሙ ጁላይ 26 ቀን 1974 ወጣ። በዚያው ቀን ዋያትና አልፍሪዳ ተጋቡ።

«ከአደጋው በኋላ ከበሮ ተወ» የሚለውም ልክ አይደለም። የጠፋው የእግር ሥራ ነው፤ የባስ ድራሙና የሃይ-ሃቱ ፔዳል። እጆቹ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ባወጣቸው አልበሞች ላይ ሲምባልና ከበሮ ሲመታ ይሰማል።

ከአደጋው በፊት ይጫወትበት የነበረውን ሶፍት ማሽን የተባለ ባንድ በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ የሚሉም አሉ። በ1966 ካቋቋሙት አራት ሰዎች አንዱ እሱ ነው፤ በ1968 ከጂሚ ሄንድሪክስ ጋር አሜሪካን ዞረዋል። ቆይቶ ግን ጓደኞቹ መዝፈን የሌለበት ጃዝ ፈለጉ። በ1970 በወጣው ሦስተኛ አልበም ላይ የእሱ ድምጽ ያለው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ አራተኛው ላይ ጭራሽ ዘፈን የለም። በ1971 ተገፍቶ ወጣ። ይህ ለዓመታት ሲያንገበግበው እንደኖረ ራሱ ተናግሯል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ የዘፋኙን ዋያት ታሪክ መረዳት የፈለገ ሰው ከመስኮቱ ይልቅ እዚህ ላይ ቢያተኩር ይሻለዋል።

ሌላው ደግሞ ጥቂት አዋቂዎች ብቻ የሚሰሙት፣ ቻርት የማያውቀው ሰው ነው የሚለው ነው። በ1974 «አይም ኤ ቢሊቨር» የሚለውን የታወቀ የፖፕ ዘፈን እንደገና ዘፍኖት በእንግሊዝ ቻርት 29ኛ ደረጃ ደረሰ። ያኔ ነው የቢቢሲው የቴሌቪዥን ሙዚቃ ፕሮግራም «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» የጋበዘው። የፕሮግራሙ ፕሮዲውሰር ግን ዊልቸር ቤተሰብ ለሚያየው ፕሮግራም አይሆንም፣ ሌላ ወንበር ላይ ይቀመጥ አለ። ዋያት በንዴት ጦፈ፤ ንቅንቅ አልልም አለ። በመጨረሻም በዊልቸሩ እንደተቀመጠ ዘፈነ። ኒው ሚውዚካል ኤክስፕረስ የተባለው የሙዚቃ ጋዜጣ በኋላ ባንዱን በሙሉ ዊልቸር ላይ አስቀምጦ የፊት ገጹ ላይ አወጣቸው። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ሰውየው ማንም እንዲያዝንለት አልፈለገም፤ የጠየቀው እንዳለ እንዲታይ ብቻ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ዝም ያለውም አደጋው ስለሰበረው አይደለም። የሙዚቃው ንግድ ሰልችቶት ነበር፤ ልቡ ወደ ፖለቲካ ሄዶ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆነ። ሲመለስ የመጣው ራፍ ትሬድ በተባለው ነጻ የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ በኩል ነው። ከ1980 ጀምሮ በሲንግል ያወጣቸው ዘፈኖች አብዛኞቹ የሌሎች ነበሩ፦ የቺሊዋ ቪዮሌታ ፓራ ሥራ አለበት፣ የኩባ ዘፈን አለበት፣ ቺክ የተባለው የዲስኮ ባንድ ዘፈን ሳይቀር አለበት። በ1985 ስዋፖ ከተባለው የናሚቢያ ነጻ አውጪ ንቅናቄ ዘማሪዎች ጋር ለአገሪቱ ነጻነት ዘፍኗል።

«ሺፕቢልዲንግ» ደግሞ የእሱ ድርሰት ይመስላል፤ አይደለም። እንግሊዝና አርጀንቲና በ1982 የተዋጉበትን የፎክላንድ ጦርነት የሚመለከተው ይህ ዘፈን ዜማው የክላይቭ ላንገር፣ ግጥሙ የኤልቪስ ኮስቴሎ ነው። ለጦርነቱ መርከብ ሲሠራ ሥራ አጥ የነበረው ሰፈር እንጀራ ያገኛል፤ በዚያው መርከብ የሚሄዱት ግን የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ዋያት ይህን ሲዘፍን አይጮኽም፣ አያለቅስም። በ1983 እንደገና ሲወጣ 35ኛ ደረጃ ደረሰ። ኮስቴሎም ራሱ ዘፍኖታል፤ እኔ ግን ሁሌም የምመለሰው ወደ ዋያት ነው።

መድረክ ላይ ብዙ ያልታየውም በዊልቸሩ ሰበብ ብቻ አይደለም። የመድረክ ፍርሃት አለበት፤ ይህንንም ደብቆ አያውቅም። ቢሆንም በ2001 ለንደን ላይ የሜልትዳውን ፌስቲቫልን ፕሮግራም መርጧል፣ በ2006 ደግሞ ሮያል አልበርት ሆል ከፒንክ ፍሎይዱ ጊታሪስት ዴቪድ ጊልሞር ጋር ትራምፔት የሚመስለውን ኮርኔት ነፍቷል።

ብቻውን የሠራ ሰው አድርጎ ማሰብም አልፍሪዳን መካድ ነው። የአልበሞቹን ሽፋን የሣለችው እሷ ናት። «ዶንደስታን» ከተባለው አልበም ጀምሮ ብዙ ግጥሞችን የጻፈችውም እሷ ናት። በ2014 ሙዚቃ መሥራት አቆምኩ እስኪል ድረስ ሥራው የሁለት ሰው ሥራ ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰሙት ከሆነ በ«ሮክ ቦተም» አትጀምሩ። በ1997ቱ «ሽሊፕ» ጀምሩ። ብራያን ኢኖና ፖል ዌለር አብረውት አሉ፣ ዜማው ቀለል ይላል፣ ቀልድም አለው። ከዚያ ወደ ቬኒሱ አልበም ስትመለሱ አደጋውን መፈለጉን ትታችሁ ሙዚቃውን ትሰማላችሁ።