ኤምዲኤንኤስ ምንድን ነው?

ላፕቶፓችሁ ላይ "ፕሪንተር ጨምር" ስትሉ የቢሮው ፕሪንተር ከነሞዴሉ ብቅ ይላል። አድራሻውን ማንም አልነገረውም። ታዲያ ከየት አገኘው?

ጠይቆ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ (የመሣሪያው የኔትወርክ ቁጥር) የሚተረጉሙ ዲኤንኤስ ሰርቨሮች አሉ። ቤትና ትንሽ ቢሮ ውስጥ ግን ይህን መዝገብ የሚይዝ ብዙ ጊዜ የለም። ኤምዲኤንኤስ (mDNS)፣ መሣሪያዎች በአንድ ኔትወርክ ውስጥ በስም የሚፈላለጉበት ዘዴ፣ ያለ ሰርቨር ሥራውን ይሠራል። ሰፈር መሃል ቆሞ ስም ጠርቶ "አቤት" የሚለውን እንደመጠበቅ ነው።

ጥሪው 224.0.0.251 ወደሚባል የጋራ አድራሻ፣ በፖርት 5353 (የአገልግሎቱ የበር ቁጥር) ይሄዳል። የሚያዳምጡት ሁሉ ይሰሙታል፤ የሚመለከተው ይመልሳል። ፕሪንተሩ በ".ሎካል" የሚያልቅ ስሙን፣ የሚሠራበትን ፖርት፣ ባለ ቀለም መሆኑንና በሁለቱም ገጽ ማተም መቻሉን ሳይቀር ይናገራል። ሼር የተደረገ ፎልደር ያለው ኮምፒውተርም እንዲሁ ራሱን ያስተዋውቃል።

አፕል ይህን በ2002 ይዞት መጣ፤ ዛሬ ቦንጁር ይለዋል። ሊኑክስ ላይ ይህንኑ የሚሠራ አቫሂ የተባለ ፕሮግራም አለ። በ2013 ይፋዊ የኢንተርኔት ስታንዳርድ ሰነድ ወጣለት። የድሮው ዊንዶውስ መንገዱ ሌላ ነበር፦ ኮምፒውተሮቹ ከመካከላቸው አንዱን ዝርዝር ያዥ አድርገው ይመርጡ ነበር። የጠፋ ኮምፒውተር ስም ከዝርዝሩ ሳይወጣ የሚቆየውም ለዚህ ነበር።

አሁን ዋናው ነገር፦ ጥሪው ራውተር አይሻገርም። ሆን ተብሎ ነው፤ አለበለዚያ የጎረቤት ፕሪንተር ሁሉ በዝርዝራችሁ ይሞላ ነበር። እኛ ጋ ግን ዋይፋዩ አልደርስ ሲል ሁለተኛ ራውተር መቀጠል የተለመደ ነው። ፕሪንተሩ በመጀመሪያው ላይ 192.168.1.20 ይዟል፤ ላፕቶፓችሁ በሁለተኛው ላይ 192.168.0.15፤ ማለትም ሁለት የተለያዩ ኔትወርኮች ላይ ናቸው። ኢንተርኔት ይሠራል፣ ፕሪንተሩ ግን የለም። ሰው ይሄኔ ነው ድራይቨር ደጋግሞ የሚጭነው፤ ልፋቱ ያሳዝነኛል። የፕሪንተሩን አይፒ በእጅ አስገቡ፤ ብዙ ጊዜ ያትማል። የጠፋው ጥሪው እንጂ መንገዱ አይደለምና። ዘላቂው መፍትሔ ሁለተኛውን ራውተር አክሰስ ፖይንት ብቻ (ዋይፋይ የሚያዳርስ፣ የራሱን ኔትወርክ የማይፈጥር) ማድረግ ነው።

ሁለቱ አንድ ኔትወርክ ላይ ሆነውም ካልተያዩ፣ ዊንዶውስ ላይ ኔትወርኩ "ፐብሊክ" ተብሎ እንደሆነ እዩ። የቤትና የቢሮውን "ፕራይቬት" አድርጉት። የካፌና የሆቴሉን ግን እንዳለ ተዉት፤ እዚያ ማንም ሰው ፋይላችሁን የሚያይበት ምክንያት የለም።