ሥር ሲራብ፦ የተክል ሆርሞኖችና የአዮን አወሳሰድ

ሥር ወንፊት አይደለም። ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ብረት በአፈር ውሃ ውስጥ የሚገኙት የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አዮኖች ሆነው ነው፤ ቅባታማውን የሕዋስ ሽፋን በራሳቸው አያልፉትም። የሚያስገቧቸው በሽፋኑ ላይ የተተከሉ የፕሮቲን በሮች ሲሆኑ፣ የትኛው በር እንደሚበዛና የትኛው እንደሚቀንስ በመወሰን ረገድ ሆርሞኖች፣ ማለትም ተክሉ ራሱ የሚሠራቸው መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገሮች፣ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ድርቅ ሲመጣ የሚጨምረው አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን ፖታሲየም ከሥር ወደ ግንድ የሚወጣበትን በር ስለሚያሳንስ ማዕድኑ እዚያው ሥር ውስጥ ይከማቻል። ኢታይሊን ብረት ሲያጥር የብረት በሮችን ያበዛል፤ ሳይቶካይኒን በአንጻሩ የናይትሬትና የፎስፌት በሮችን ይቀንሳል። እድገትን የሚመራው ሆርሞን ኦክሲን ከናይትሬት ጋር አንድ በር ይጋራል። የጎመን ወገን በሆነችው አራቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ አረም ላይ በ2010 እንደታየው፣ ናይትሬት ሲጠፋ ይኸው በር ኦክሲንን ከታዳጊዋ የጎን ሥር ጫፍ ያሸሻል፤ ሥሯም ምግብ ወደሌለበት መሄዷን ትተዋለች። ብልህ ቁጠባ ነው።

ለእኛ ገበሬ ቅርብ የሆነው ግን ስትሪጎላክቶን ነው። ፎስፌት በአሲዳማ አፈር ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ስለሚጣበቅ ሥር በቀላሉ አያገኘውም። የተራበ ማሽላ ስትሪጎላክቶንን ወደ አፈር ይለቃል፤ ጠቃሚው ፈንገስ ይህን ሲያገኝ ክሮቹን ያበዛና ሥር ውስጥ ገብቶ፣ ሥሩ ከማይደርስበት ፎስፌት ያመጣለታል። ፈንገሱ በዚህ እንደሚጠራ የታወቀው በ2005 ነው፤ ንጥረ ነገሩ የቅርንጫፍን ብዛት የሚገታ ሆርሞን መሆኑ ደግሞ በ2008።

ችግሩ ጥሪውን በሰብል ሥር ላይ የምትኖረው ጥገኛ አረም አቀንጭራም መስማቷ ነው። አቧራ የሚያክለው ዘሯ ለዓመታት አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ስትሪጎላክቶን ሲነካው ይበቅላል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥር ካላገኘ ይሞታል፣ ካገኘ ግን ተጣብቆ ይመጠምጠዋል። ሐምራዊ አበባዋ ከመሬት በላይ ሲታይ ማሽላው አስቀድሞ ተጎድቷል። አቀንጭራ በደከመ ማሳ የምትበረታበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፦ ማሽላው በተራበ ቁጥር ጥሪውን ያበዛል።

አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። በአንዳንድ ተቋቋሚ ማሽላዎች ውስጥ በአንድ ዘረመል ላይ በደረሰ ለውጥ ምክንያት ሥሩ በዋናነት የሚለቀው ኦሮባንኮል የተባለውን የስትሪጎላክቶን ዓይነት ሲሆን፣ ይህም የአቀንጭራን ዘር እምብዛም አይቀሰቅስም።